ውሃ መጣ

እናቴ ውሃ ይጠፋል ብላ ትፈራ ነበር። እኔ ደግሞ ውሃ ይመጣል ብዬ እፈራ ነበር። የምንፈራው ያንኑ ውሃ ሆኖ ሳለ አንድም ቀን አብረን ፈርተን አናውቅም ነበር። እሷ ስትፈራ እኔ እስቃለሁ፣ እኔ ስፈራ እሷ ትቆጣኛለች። ሎስ አንጀለስ ከመጣች ጀምሮ ቫን ናይስ ያለችው ጠባብ አፓርታማዬ የጀሪካን መጋዘን ሆና ነበር። አልጋ ሥር ጀሪካን፣ ቁም ሳጥን ውስጥ ጀሪካን፣ መታጠቢያ ገንዳው ውስጥ ሳይቀር ጀሪካን። «እማዬ፣ እዚህ አገር እኮ ውሃ አይጠፋም» ስላት፣ «እሱን ለማያውቅ ንገሪ» ትለኝ ነበር። ጠዋት ስትነሳ ቧንቧውን ከፈት ታደርግና «ዛሬ አለ» ብላ ትዘጋው ነበር። ስለ ነገ ግን አንድ ቃል አትናገርም ነበር።

የምሠራው ፌርፋክስ ላይ ነው፣ የሐበሻ ሱቆችና ምግብ ቤቶች ጎን ለጎን በተደረደሩበት ብሎክ፣ አንዲት ትንሽ ምግብ ቤት ውስጥ። ባለቤቷ ትልቅ ሴት ናቸው፤ ሁላችንም እትዬ ነው የምንላቸው። ወጥ ቤት እሠራለሁ፣ ሰው ሲበዛ ደግሞ ሰርቭ አደርጋለሁ። እናቴን ብቻዋን ቤት ትቼ መውጣት ስለማይሆንልኝ፣ ጠዋት ጠዋት መኪናዬ ውስጥ አስቀምጬ በዚያ በማያልቅ ፍሪዌይ ድራይቭ አድርጌ አመጣታለሁ። ወጥ ቤቱ ጥግ ላይ የራሷ ወንበር አላት። እዚያ ቁጭ ብላ ምስር ትለቅማለች፣ ነጭ ሽንኩርት ትልጣለች፣ ከእትዬ ጋር ሆና ሰው ታማለች። ደመወዝ የላትም እንጂ ከእኔ በላይ ነው የምትሠራው።

ያ ብሎክ ዝናብ በዘነበ ቁጥር ሐይቅ ይሆን ነበር። ይህ ከተማ ዝናብ አይወድም፤ ሲመጣበት ደግሞ ምን እንደሚያደርገው አያውቅም። ከመንገዱ ሥር ያለው የጎርፍ ቱቦ አርጅቶና ጠቦ፣ ውሃው የሚሄድበት ሲያጣ ወደ ሱቆቹ ደጃፍ ይወጣል። ባለ ሱቆቹ ሲያመለክቱ፣ ሲጨቀጭቁ ኖረው በመጨረሻ ብርቱካንማ ሰደርያ የለበሱ ሠራተኞች እስካቫተራቸውን ይዘው መጡ። አስፋልቱን ገፈው፣ ከሥሩ ሰው ቆሞ የሚሄድበት የሚያክል ቱቦ ቀብረው፣ መንገዱን እንደ አዲስ ሊሠሩት ነው ተባለ። ብሎኩ በሙሉ ደስ አለው። እትዬማ ለሠራተኞቹ ሳምቡሳ በነጻ ላኩላቸው።

እኔ ግን የመጀመሪያውን ጉድጓድ አፍ ሳይ ልቤ ድንግጥ አለ። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባል የለ? ልጅ ሆኜ ቀበና ወንዝ አጠገብ ነበር የምንኖረው። አንድ ክረምት፣ ከሰዓት በኋላ፣ ወንዙ ሞልቶ ግቢያችን ገባ። የጎረቤታችንን ወጥ ቤት ከነቆርቆሮው ሲወስደው በመስኮት አየሁ። ድስትና ሰፌድ ተከታትለው ሲንሳፈፉ ሳይ መጀመሪያ አስቆኝ ነበር። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚሉት እውነታቸውን ነው። ወዲያው የእኛን በር ከፍቶ ገባ። እናቴ አልጋው ላይ አወጣችኝ፣ እሷም ወጣች፣ እግሬን ሰብስባ እቅፍ አድርጋኝ፣ «አትፍሪ። ውሃ መንገደኛ ነው፣ ያልፋል» አለችኝ። ድምጿ ጉልት ላይ የቲማቲም ዋጋ ስትጠይቅ ያላት ድምፅ ነበር፣ ምንም አልጨመረም፣ ምንም አልቀነሰም። ውሃውም እንዳለችው አለፈ። ከዚያን ቀን ጀምሮ እናቴ ምንም ነገር እንደማትፈራ አምኜ አደግሁ። እኔ ግን እስከ ዛሬ ጎርፍ ሲያጉረመርም ስሰማ አልጋ ላይ ልወጣ ይቃጣኛል።

ቆፋሪዎቹ ከፊት ለፊታችን ጀምረው መጡና ጥጋችን ላይ ሲደርሱ ወደ ጓሯችን ታጠፉ። በወዲያኛው በኩል ያለውም መንገድ በአጥር ተዘጋ። ሶ፣ እኛ መሀል ላይ ቀረን። ከአጠገባችን ያለውን ፓርኪንግ የሚጠብቁት ጋሼ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ታክሲ ነድተው በስተርጅና እዚያች የመስታወት ሳጥን ውስጥ የተቀመጡ ሰው፣ አንድ ቀን ምሳ ሊበሉ ገብተው ዙሪያችንን አዩና «በቃ ጣና ገባን! ደሴታችን ይህች ናት። እትዬ እመምኔት፣ እኔ በረኛ» አሉ። እናቴ ከጥግዋ ሆና «ጣና ከሆነማ ሴት አይገባም፤ ማን አብስሎ ሊያበላዎት ነው?» አለቻቸው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ብሎኩ ደሴት ሆኖ ቀረ። እትዬ ሳይቀሩ ደንበኛ ሲደውል «ደሴቲቱ ክፍት ናት፣ በጣውላው ኑ» ይሉ ነበር።

በጣውላው ኑ! ያቺን ጣውላ ሳስባት እስካሁን መዳፌ ያልበኛል። ከሞራሌ የተሠራች፣ በግራና በቀኝ ገመድ የታሰረባት መሻገሪያ ነበረች። ከሥሯ ጉድጓዱ ከሰው ቁመት በላይ ነው፤ ታች ጭቃና ብረት ይታያል። እናቴ አንድ ጉልበቷ አይታጠፍላትም። ጠዋት ስንሻገር ክንዷን እይዛለሁ፣ እሷ መንጭቃ ታስለቅቀኛለች፣ እንደገና እይዛለሁ፣ «ልቀቂኝ፣ እንደ እስረኛ አታድርጊኝ!» ትለኛለች። የእሷ እግር ጣውላው ላይ፣ የእኔ ከንፈር ዳዊት ላይ። ይህ ጉድጓድ እናቴን ይበላታል የሚል ነገር እዚህ ደረቴ ላይ ተቀምጦ አልነሳ አለኝ። ለማንም አልተናገርኩም፤ ክፉ ነገር ሲጠሩት ይመጣል ብዬ።

የሠራተኞቹ አለቃ ሰላምተኛ ሰውዬ ነው። የድሮውን ቱቦ እንደቆረጡት፣ አዲሱን ገና እንዳልገጠሙት፣ እስኪገጥሙት ድረስ ውሃ ቢመጣ ፓምፕ እንደሚያወጣው ነገረኝ። «ትልቅ ዝናብ ቢመጣስ?» እለዋለሁ። «ፓምፕ አለ» ይለኛል። በማግስቱም እጠይቀዋለሁ፣ ያንኑ ይመልስልኛል። ፓምፑን ሄጄ አየሁት። ጋሼ ሲጋራ ያጨሱ በነበረ ጊዜ እንደሚያስሉት ያስላል። በዚህ ነው እንግዲህ እኔና እናቴ የምንድነው ብዬ በሆዴ ሰደብኩት።

እናቴ በበኩሏ ድል በድል ነበረች፤ ምክንያቱም ቆፋሪዎቹ አንዳንድ ቀን ውሃ ይዘጉ ነበር። የመጀመሪያው ቀን ቧንቧው ጠብ ጠብ ብሎ ሲደርቅ አይታ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ «አይጠፋም አላልሽኝም?» ስትለኝ የፊቷን ብርሃን ብታዩት! በማግስቱ ከቫን ናይስ ጀሪካኖቿን ጭና መጣች። የአዲስ አበባ ሰው የሚያውቀውን ሁሉ እዚያች ወጥ ቤት ውስጥ አወጀች፤ ውሃ በምን ይቀዳል፣ የቱ ለምግብ፣ የቱ ለዕቃ። ከሁሉ በላይ ግን አንድ ነገር ደጋግማ ነገረችን። ውሃ ሲመለስ መጀመሪያ የሚመጣው ዝቅ ያለው ቧንቧ ላይ ነው።

ዝቅ ያለው ቧንቧ ደግሞ ቤዝመንት ነው። ሕንፃው አሮጌ ስለሆነ፣ እዚህ ከተማ ብዙም የማይታይ ቤዝመንት አለው። ከወጥ ቤቱ በደረጃ ይወረዳል፤ መጀመሪያ የእህሉና የዲፕ ፍሪዘሩ ክፍል አለ፣ ከዚያ ወዲያ በሯ በራሱ የሚዘጋ ትንሽ ክፍል፣ ውስጧ ትልቅ የዕቃ ማጠቢያ ገንዳ። በጓሮ በኩል ዕቃ የሚወርድበት የብረት ክዳን አለው።

ሶ፣ እንዲህ ሆኖ ልማድ ወጣ። ጋሼ ከሳጥናቸው ሆነው ሠራተኞቹ ውሃውን መልሰው ሲከፍቱ ያያሉ፤ ሮጥ ብለው የጓሮ በራችንን ብርግድ ያደርጉና «ውሃ መጣ!» ብለው ይጮሃሉ። እናቴ እልል ትላለች። ሰፈር እያለን ውሃ ሲመጣ ያ ሁሉ ሰው «ውሃ መጣ!» እየተባባለ ባሊውን ይዞ እንደሚሮጠው፣ ሁለት ጀሪካን አንጠልጥላ፣ ያንን ጉልበቷን እየጎተተች ወደ ቤዝመንት ትወርዳለች። እኔና እትዬ እንስቃለን። እኔ እንኳ፣ ውሃ የሚባል ነገር የማልወደው ሴትዮ፣ ያንን ጩኸት መውደድ ጀምሬ ነበር።

የዚያን ቀን ውሃው ከጠዋት ጀምሮ ተዘግቷል። ስልኬ ዝናቡ ለማታ ነው ብሏል። ለማታ ከሆነማ፣ ቀደም ብለን ዘግተን ቤታችን እንገባለን ብዬ ነበር። ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ሰማዩ ጠቆረ።

«ይሄ ሰማይ ደስ አላለኝም» አልኩ።

«አንቺን ደግሞ የትኛው ሰማይ ደስ ብሎሽ ያውቃል» አለች እናቴ፣ ከምስሯ ቀና ሳትል።

ከዚያ ወረደ። የካሊፎርኒያ ዝናብ አይደለም፣ የሐምሌ ዝናብ ነው። ቤት ውስጥ የነበሩት ጥቂት ሰዎች ምሳቸውን አቋርጠው፣ ድልድዩ ሳይዘጋ ብለው በጣውላው እየሮጡ ተሻገሩ። ሠራተኞቹ ላስቲክ ይዘው ወዲያ ወዲህ ይላሉ። እኔ በሩ መስታወት ላይ ተለጥፌ ጉድጓዱን አያለሁ። «እማዬ፣ ነይ እንሂድ» ብል ጣውላዋ ከወዲሁ በአንድ ጎኗ ተነስታለች። እናቴን በዚያች ላይ? በሞቴ አላደርገውም አልኩ። እዚሁ ይሻላል፣ እዚህ ወለሉ አርማታ ነው፣ ግድግዳ አለ። እንዲህ ብዬ ነው ያስቀረኋት።

ዝናቡ ውስጥ አንድ ድምፅ ጎደለ። ምን እንደሆነ ለመለየት ጊዜ ወሰደብኝ። ፓምፑ ነው። ያ ሳል ቆሟል። የሠራተኞቹ አለቃ ሽቦውን እየጎተተ፣ እየመታው፣ እየጮኸበት አየሁት። ጉድጓዱ ሞላ። ቡናማ ውሃ ጣውላዋን ይዞ ተነሳ፣ የመንገድ መዝጊያ ኮኖቹን እያንሳፈፈ ወደ እግረኛ መንገዱ ወጣ፣ ከዚያ ወደ ደጃፋችን። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል የሚሉት ተረት ጆሮዬ ላይ መጥቶ ቁጭ አለ።

እኔና እትዬ ፎጣ ወረወርን፣ የጠረጴዛ ልብስ ጎዘጎዝን፤ ውሃው በሥሩ ገባ። እትዬ ዞር ብለው «ጤፉን አምጪው» አሉኝ።

«ጤፍ መሬት ላይ? እትዬ፣ ግፍ ነው!»

«ምን እንደቸገረን እሱ ያውቃል። አምጪው ነው የምልሽ!»

መደርደሪያው ሥር የነበሩትን የዱቄት ከረጢቶች እየጎተትኩ አመጣሁ፣ በሩ ሥር ደረደርናቸው። እትዬ አማተቡ። ዱቄቱ ውሃውን ጠጥቶ አበጠና ወለሉ ላይ እንደ ሊጥ ተጣበቀ፤ የበሩ ስንጥቅ ተደፈነ። ውሃው ቆመ። እትዬ «ተመስገን!» ሲሉ እኔም «ተመስገን» አልኩ። እጄ እስከ ክንዴ ሊጥ ሆኖ፣ አሸነፍነው ብዬ ነበር። የፊቱን በር ስንጠብቅ ጓሮው ትዝ ያለው ሰው አልነበረም።

ጋሼ ከሳጥናቸው ሆነው ውሃው ጥጋችን ላይ ሲታጠፍ አዩት። በብረቱ ክዳን በኩል ወደ ቤዝመንታችን መግባት ሲጀምር አዩት። ሮጠው የጓሮ በራችንን ብርግድ አደረጉና በዚያው ድምፃቸው፣ ያው የሌላ ቀኑን ቃል ጮሁ፦ «ውሃ መጣ! ኧረ ውሃ መጣ!» ከዚያ ክዳኑን በእጃቸው ሊይዙት ተመልሰው ወጡ።

ከወጥ ቤቱ እልልታ ተሰማ።

እኔም ሰምቼዋለሁ። አሁን ድረስ የሚያንገበግበኝ እሱ ነው፤ እልልታውን ሰምቼ ፈገግ ብያለሁ። እንደሌላው ቀን ቧንቧው ተከፈተ ብዬ። ክንዴ ላይ የተጣበቀውን ሊጥ ስፍቅ ቆይቼ ዓይኔ መስታወቱ ላይ አረፈ፣ ያንን ቡናማ ውሃ አየሁት። በዚህ ዝናብ ቧንቧ የሚከፍት ማን ነው? ጋሼ ያሉት የትኛውን ውሃ ነው?

«እማዬ!»

ወጥ ቤት ስደርስ ወንበሯ ባዶ ነው። የምስሩ ሰፌድ ወንበሩ ላይ ተቀምጧል፣ ግማሹ ተለቅሟል፣ ግማሹ አልተለቀመም። በሩ አጠገብ የነበሩት ጀሪካኖች የሉም። የቤዝመንቱ በር ተከፍቷል፣ መብራቱ በርቷል።

ደረጃው ግርጌ ሳልደርስ ውሃ እግሬን ያዘኝ። ቀዝቃዛ ነው፣ ናፍጣ ናፍጣ ይሸታል። የቀበና ሽታ አይደለም፣ ግን ያው ነው። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ። እናቴ እታች እያለች እኔ ቁጭ አልኩ። ከዚያ ምን እንዳስነሳኝ አላውቅም። በብረቱ ክዳን በኩል ውሃው እንደ ፏፏቴ ይወርዳል። ያ ትልቁ ዲፕ ፍሪዘር ከወለሉ ተነስቶ ይንሳፈፋል፤ ተንሳፍፎ ሄዶ የገንዳዋ ክፍል በር ላይ ተጋድሟል፣ በአንድ ጎኑ መደርደሪያው ሥር ተሰክቷል። በሩ የሚከፈተው ወደ ውጭ ነው። እናቴ ከበሩ ወዲያ ናት።

«እማዬ! እማዬ፣ አለሽ?»

«አለሁ» አለች። ድምጿ ጭራሽ የተናደደ ነው። «ይሄ ቧንቧ እኮ አየር ብቻ ነው የሚተፋው! ውሃው ደግሞ ጉልበቴ ደርሷል፣ የት ነው የፈነዳው?»

«እማዬ፣ የቧንቧ አይደለም። ጎርፍ ነው!»

በሩ ከውስጥ ተገፋ፣ ፍሪዘሩን ነክቶ ቆመ። ፍሪዘሩን ገፋሁት፣ ሳብኩት፣ በጫንቃዬ መታሁት፤ እግሬ ወለሉ ላይ እየተንሸራተተ ውሃ ውስጥ ወደቅሁ። ስነሳ ወገቤ ደርሷል። እናቴ ከእኔ ታጥራለች። እኔን ወገቤን ሲይዘኝ እሷን የት እንደያዛት አሰብኩ፣ ካሰብኩ በኋላ መጮህ ጀመርኩ። የጮህኩትን አላስታውስም። እትዬ ከላይ «መብራቱን ላጥፋው፣ ኮረንቲ ይገላችኋል!» ሲሉ ሰማሁ፣ ድርግም አለ።

በዚያ ጨለማ ውስጥ፣ ከበሩ ወዲያ፣ ድምጿ መጣ። የቲማቲም ዋጋ የምትጠይቅበት ድምፅ።

«ልጄ፣ አታልቅሺ። ውሃ መንገደኛ ነው፣ ያልፋል።»

ደረጃው ላይ እግር ተንጋጋ። ጋሼ ናቸው፣ ከኋላቸው ደግሞ የሠራተኞቹ አለቃ፣ ግንባሩ ላይ መብራት አስሮ። ጋሼ በዚያ ዕድሜያቸው እስከ ደረታቸው ገቡ። ሦስታችንም የፍሪዘሩን አንድ ጎን ያዝን። ጋሼ «በእመቤቴ! አሁን!» ሲሉ ሳብን። አልነቃነቅ አለ። እንደገና «አሁን!» አሉ። መደርደሪያው ተሰብሮ ማሰሮውም ጣሳውም ላያችን ላይ ወረደ፣ ፍሪዘሩ ዞረ፣ በሩን በአራት ክንድ፣ በስድስት ክንድ እየጎተትን ለሰው ማሾለኪያ ያህል ከፈትነው።

መብራቱ እሷ ላይ አረፈ። ገንዳው ጠርዝ ላይ ባንድ እጇ ተንጠልጥላለች፣ በሌላው ባዶውን ጀሪካን ክዳኑን ዘግታ ደረቷ ሥር ይዛዋለች። ውሃው አገጯ ጋ ነው። ቧንቧው እንደተከፈተ ነው፣ ፊሽ ይላል፣ አንዲት ጠብታ የለችውም። ተሸክመን አወጣናት። ወጥ ቤት ወለል ላይ ስናስቀምጣት ጀሪካኑን ከእጇ ማስለቀቅ አቃተኝ። አየችኝ፣ ጀሪካኑን አየችው፣ «ባዶውን ይዤ ወጣሁ» አለች። አፍራ ነበር።

መንገዱ ከዚያ በኋላ ተሠርቶ አለቀ። አዲሱ ቱቦ ተገጠመ፣ ጉድጓዱ ተደፈነ፣ አስፋልቱ ለጥ ብሎ ተነጠፈ፣ እኛም ከደሴትነት ወጣን። ዝናብ ሲመጣ ውሃው ጠርዙ ላይ ባለው አፍ ይገባል፣ በቃ፣ ይሄዳል። እትዬ ቤዝመንቱን ቆልፈው ቁልፉን የት እንዳደረጉት አይናገሩም። ጋሼ ደግሞ ያንን ቃል ድጋሚ አፋቸው አላወጣም። ከጎርፉ በኋላ ውሃው ተመልሶ የተከፈተ ዕለት በራችን ላይ መጥተው ቆሙ፣ በመጨረሻ በእንግሊዝኛ «ዋተር ኢዝ ባክ» አሉ። እናቴ ምስሯን እየለቀመች «ምን አሉ?» ብላ ጠየቀችኝ። «ምንም አላሉም» አልኳት።

እናቴ ጀሪካኖቹን በሙሉ ደፋቻቸው። አልጋ ሥር ያሉትን፣ ቁም ሳጥን ውስጥ ያሉትን፣ አንድ በአንድ እየጎተተች መታጠቢያ ገንዳው ውስጥ ደፍታ፣ ባዶውን ቆሻሻ መጣያ አጠገብ ደረደረቻቸው። ስንት ዓመት አውጪልኝ ስላት የኖርኩትን ነገር በአንድ ጠዋት አወጣችው። ቤቱ ሰፋ። ደስ ይለኛል ብዬ ነበር። ጠዋት ስትነሳ ቧንቧውን አትከፍተውም። እኔ ሻወር ስገባ ድምፁን እንዳትሰማ ቴሌቪዥኑን ጮክ አድርጋ ትከፍታለች። «ዛሬ አለ» የምትለው ነገር ቀረ፤ እኔ ነኝ አሁን ተደብቄ ሁለት ጀሪካን ሞልቼ መኪናዬ ውስጥ ያስቀመጥኩት፣ አንድ ቀን ብትጠይቀኝ ብዬ።

ባለፈው፣ ሥራ በሌለኝ ቀን፣ ከሰዓት በኋላ ቫን ናይስ ላይ ዘነበ። ትንሽ ዝናብ ነው፣ መስኮቱን እንኳ በቅጡ አላራሰም። መኝታ ቤት ስገባ እናቴ አልጋው ላይ ወጥታ፣ እግሯን ሰብስባ፣ ጀርባዋን ግድግዳ አስደግፋ ተቀምጣለች። ያ የማይታጠፍ ጉልበቷ እንዴት ታጠፈላት እላለሁ። ዓይኖቿ ወለሉ ላይ ናቸው። ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነን።

አልጋው ጠርዝ ላይ አጠገቧ ተቀመጥኩና አቀፍኳት። «አትፍሪ እማዬ» አልኳት። «ውሃ መንገደኛ ነው፣ ያልፋል።»

ከወለሉ ዓይኗን አነሳችና አየችኝ፤ ፈገግ ልትል ያለች መሰለኝ።

«ተይ ልጄ» አለች። «እኔም እኮ ፈርቼ ነው የቀበናው ቀን የዋሸሁሽ። የምይዘው አጥቼ ነው አንቺን የያዝኩት።»

«የቤዝመንቱስ?» አልኳት።

«የቤዝመንቱማ» አለች እናቴ፣ «ልሰናበትሽ ነበር።»

እግሬን ከወለሉ ላይ ሰብስቤ አልጋው ላይ አወጣሁ፣ ዝናቡ እስኪያባራ ድረስ ሁለታችንም እዚያው ሆነን ፈራን።